የሆለታ ወጣቶች መታሰቢያ ለተማሪ ምን ሊነግር ይገባል?

በዶሃና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት በሚደርሳቸው የስልክ ወሬ ውስጥ «ጥቁር አንበሳ» የሚለውን ስም ደጋግመው ይሰማሉ። ከክፍለ ሀገር የተላከ ሕመምተኛ ዘመድ የሚተኛበት፣ ለሕክምናው ገንዘብ የሚዋጣለት ትልቅ ሆስፒታል ስም ነው። ሆስፒታሉ ቀድሞ በሐረሩ መስፍን በልዑል መኮንን ስም ይጠራ ነበር፤ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ሆኖም «ጥቁር አንበሳ» ከሆስፒታሉ በፊት የሰዎች ስም እንደነበረ፣ ከእነዚያም ሰዎች ብዙዎቹ ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጦርነት የደረሰባቸው ዕጩ መኮንኖች እንደነበሩ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስሙ በየቀኑ በብዙ ሰው አፍ ይነሣል፤ የስሙ ባለቤቶች ግን አይነሡም።

በጦርነት ጊዜ ያገለገሉ ወጣት ዕጩ መኮንኖችን በትምህርት ቤት መዘከር በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ኢትዮጵያም ይህን የምታደርግበት ምክንያት አላት። ነገር ግን በትምህርት ቤት የሚቆም መታሰቢያ ከአደባባይ ሐውልት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አደባባይ ላይ የሚያልፈው ሁሉም ሰው ነው፤ በትምህርት ቤት ግቢ ሐውልቱን የሚያነበው ግን ሟቹ በሞተበት ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ነው። ስለዚህ በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ቃል ለሟቹ ክብር የሚሰጠውን ያህል ለሕያው ልጅ ምክር ይሆናል። ምክሩ ምን መሆን እንዳለበት ለማወቅ የሆለታን ወጣቶች ታሪክ ከነሙሉ እውነቱ መመልከት ያስፈልጋል።

የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቦታው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በቀድሞው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበር። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ለትምህርቱ የተመረጡት ወጣቶች በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተማሩና ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ነበሩ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዱ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። አገሪቱ በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ ልጆቿ በቁጥር የሚታወቁ ስለነበሩ፣ ሆለታ የገባው እያንዳንዱ ወጣት ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ሠራዊት የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ጦርነቱ ከሰባት ወር በላይ አልቆየም። የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ይረጭ ነበር። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የደረሰው ሽንፈት የመደበኛውን ጦር ተስፋ ሲሰብረው፣ ዕጩ መኮንኖቹ ከደሴ ወደ ዋና ከተማው የሚገሠግሠውን የጠላት ጦር በጣርማ በር ተራራ ላይ እንዲገቱ ተላኩ። ግሥጋሴውን መግታት አልተቻለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከተማይቱን ለቀው ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ትናንት በደብተር ላይ የጦር ስልት ሲያጠኑ የነበሩት ወጣቶች መንግሥትም፣ አዛዥም፣ ቀለብም የሌላቸው ሆነው ቀሩ።

የእነዚህ ወጣቶች ታሪክ ልዩ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ወደየቤታቸው መመለስ ይችሉ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ገና ወራሪው ወዳልደረሰበት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነቀምት አቀኑ። በዚያም በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና ከተማሩት ከዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ጋር ተገናኝተው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በፈረንሳይ የሰለጠነው ክፍሌ ናሲቡ፣ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ፣ ኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት ይልማ ደሬሳ ከማኅበሩ አባላት መካከል ይገኛሉ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ቦናያ በተባለ ቦታ ያረፉትን ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮን ጨምሮ አብረው የመጡት መኮንኖችና አብራሪዎች ተገደሉ።

ስለ ጥቁር አንበሳ ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው ይህ የቦናያ ሌሊት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ሥራቸው ግን ብዙም አይነሣም። እነዚህ ወጣቶች ጫካ ውስጥ ሆነው ዐሥር አንቀጾች ያሉት የማኅበር ደንብ ጽፈው ነበር። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ስለ ዘመኑ ምሁራን በጻፏቸው ሥራዎች ደንቡን ይዘግባሉ። በደንቡ መሠረት የፖለቲካው አካል ከወታደራዊው በላይ ነው፤ ገበሬውን መበደል ክልክል ነው፤ የተማረከ ጠላት በክፉ አይያዝም፤ አባሉ አገሩን ጥሎ ለስደት አይወጣም።

የዚያን ዘመን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ደንብ ቀላል ነገር አይደለም። ሠራዊት በሚያልፍበት አገር ሁሉ የገበሬው ጎተራ የሚራቆትበት፣ ከብቱ የሚታረድበት ዘመን ነበር። መንግሥት ፈርሷል፤ ዳኛ የለም፤ መሣሪያ የያዘ ያሻውን ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ በእጃቸው ያለ ወጣቶች ማንም ሳያስገድዳቸው ራሳቸውን በሕግ አሠሩ። ጠላታቸው በጋዝ ሲያቃጥላቸው እነርሱ ስለ ምርኮኛ መብት ጻፉ። ደንቡ በየውጊያው በሙሉ ተፈጽሟል ብሎ ለመናገር አይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን መጻፉ ራሱ ትምህርት በሰው ውስጥ ምን ትቶ እንደሚያልፍ ይመሰክራል።

ለሙስሊም አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር አስ-ሲዲቅ (ረ.ዐ) የዚድ ኢብን አቢ ሱፍያንን ወደ ሻም ሲልኩት በእግራቸው እየሸኙት የሰጡት ትእዛዝ በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ሴትን፣ ሕፃንንና ሽማግሌን እንዳይገድል፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆርጥ፣ ለምግብ ካልሆነ በቀር በግንና ግመልን እንዳያርድ፣ በገዳም የተቀመጡ መነኮሳትን እንዳይነካ አዘዙት። የነቀምት ወጣቶች ይህን ትእዛዝ አንብበውት ይሁን አይሁን ነገሩን አይለውጠውም። ኃይል ወሰን እንዳለው ማወቅ ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ማስተዋል ነው፤ በጦርነት መካከል ይህን ማስተዋል የጠበቀ ሰው ከየትኛውም እምነት ቢሆን ክብር ይገባዋል።

የማኅበሩ ፍጻሜ መራራ ነበር። ጥቁር አንበሶች የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩትን ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን መሪያቸው አድርገው ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢጓዙም፣ ጠላት ከየአቅጣጫው ከበባቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ወጣቶቹ ግን እስረኛ ሆነው አዲስ አበባ ሳሉ የካቲት 12 ደረሰ። በዚያ ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። የበቀሉ እርድ ለሦስት ቀን ያህል ቀጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲል፣ ከዚያ ያነሰ ግምት የሰጡ ተመራማሪዎችም አሉ። ከእርዱ ጋር የተማረ ወጣት እየታደነ ተረሸነ። በእጃቸው መሣሪያ ያልነበራቸው፣ በምርኮ የተያዙት የጥቁር አንበሳ አባላትና የሆለታ ልጆች ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ክፍሌ ናሲቡ፣ ቢንያምና ዮሴፍም ከዚያ አልተረፉም።

ስለ ምርኮኛ አያያዝ አንቀጽ የጻፉ ወጣቶች ምርኮኛ ሆነው ያለ ፍርድ ተገደሉ። አገሪቱ ገና ማፍራት የጀመረችው አንድ የተማረ ትውልድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመነጠረ። የዚያ ጉድለት ከነጻነት በኋላም ለረጅም ጊዜ ተሰምቷል፤ መምህር፣ መሐንዲስ፣ አስተዳዳሪ ሲፈለግ ይጠሩ የነበሩት ስሞች በመቃብር ውስጥ ነበሩ። በስደት ተርፈው ከተመለሱት የሆለታ ልጆች እንደ ሙሉጌታ ቡሊ ያሉት እስከ ሜጀር ጄኔራልነት ደርሰው አዲሱን ሠራዊት አደራጅተዋል። ከተረፉት የተገኘው ይህን ያህል ከሆነ፣ ካልተረፉት የታጣውን መገመት አያዳግትም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚቆመው የሰማዕታት ሐውልት የዚያ ወር መታሰቢያ ነው። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አንቶን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች በነሐስ የቀረጿቸው ምስሎች የእርዱን ሥቃይ፣ የሬሳውን ክምርና የሕዝቡን ኀዘን ያሳያሉ። ከሐውልቱ ፊት ለፊት የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአቅራቢያው ያለው የቀድሞው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም ዛሬ የካቲት 12 ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ ሐውልቱ በአደባባይ ይቁም እንጂ በዋነኛነት የሚያየው ተማሪ ነው። ደብተሩን ይዞ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል፤ በዓሉ ሲደርስ የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ይመለከታል። ነገር ግን ሐውልቱ የአንድን ዕጩ መኮንን ስም፣ የትውልድ ቀዬውን፣ ያጠናውን ትምህርት ሊነግረው አይችልም። ሐውልቱ ስለ ሁሉም ያለቅሳል፤ ስለ እያንዳንዱ መናገር ግን የትምህርት ቤቶች ድርሻ ነው።

በአንጻሩ የገዳያቸው ስም በድንጋይ ተከብሮ ተቀምጧል። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ የተባለች የኢጣሊያ ከተማ ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ የመታሰቢያ ሕንፃ ሠራችለት። በኢጣሊያም በውጭም ብዙዎች ተቃወሙ፤ ኢትዮጵያውያንም ድምፃቸውን አሰሙ። ይህ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለፍርድ የቀረበው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያና በሊቢያ ስላፈሰሰው ደም አልነበረም። ገዳዩ ስም፣ የልደት ቀንና ሕንፃ ሲኖረው፣ የተገደለው ወጣት «ከሟቾቹ አንዱ» ብቻ ሆኖ መቅረቱ ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ የትምህርት ቤት መታሰቢያ የመጀመሪያ ግዴታ ስም ነው፤ ከማኅደርና ከታሪክ መጻሕፍት የሚገኘው ስም ሁሉ ከነአባቱ፣ ከነትውልድ ስፍራው ተለቅሞ መጻፍ አለበት።

የግራዚያኒ ስም ለዚህ አካባቢ ሙስሊም አንባቢ ሌላም ነገር ያስታውሳል። በኢትዮጵያ የተሾመው ይህ ሰው አስቀድሞ በሊቢያ የሙስሊሞችን ደም ያፈሰሰ ነበር። የጀበል አኽዶርን ሕዝብ በአሥር ሺዎች እየነዳ በበረሃ ካምፖች አጎረ። የቁርኣን መምህር የነበሩትን ሽማግሌውን ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታርን መስከረም 16 ቀን 1931 እ.ኤ.አ. በሱሉቅ በተሰበሰበው ሕዝባቸው ፊት አሰቀላቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በቅኝ ግዛት የያዛቸውን የሊቢያ ልጆች ወታደር አድርጎ በኦጋዴን ግንባር በኢትዮጵያውያን ላይ አዘመታቸው። ወራሪው ለሙስሊሙ ያለው ወዳጅነት ምን ያህል እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ሆኖም ወራሪው በኢትዮጵያ ውስጥ የእስልምና ወዳጅ መስሎ ለመታየት ብዙ ደክሟል። መስጊዶችን አሠርቷል፤ በአረብኛ ማስተማርን ፈቅዷል፤ ለሐጅ ተጓዦች ድጋፍ ሰጥቷል። ቀደም ሲል በአገራቸው እንደ እንግዳ ይታዩ ለነበሩ ሙስሊሞች ይህ የሚማርክ ነገር ነበር፤ አንዳንዶችም ተቀብለውታል። ከክርስቲያኖቹም መካከል ለሹመትና ለርስት ብለው ያደሩ ባንዳዎች ነበሩ። በዚያው ልክ ሙስሊም ሆነው የተዋደቁ ነበሩ። በጣሊያን ሶማሊያ አመፅ አንሥተው ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩት ዑመር ሰመተር፣ በ1928 ዓ.ም. በኦጋዴን ከአፈወርቅ ወልደ ሰማያት ጋር ሆነው ወራሪውን ተዋግተዋል። ከጦርነቱ በኋላ በሕዝብ አፍ የቀረው ግን ብዙ ጊዜ የጥቂቶች ማደር እንጂ የእነዚህ ተጋድሎ አልነበረም።

በትምህርት ቤት የሚጻፍ መታሰቢያ ይህን ሚዛን ማስተካከል ይችላል፤ አለዚያም ያባብሰዋል። ሙስሊሙ ልጅ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የአገሩን አርበኞች ስም ሲያነብ አንድም የራሱን ወገን ስም ካላገኘ፣ ታሪኩ የሌሎች እንደሆነ ያስባል። ክርስቲያኑ ጓደኛውም እንዲሁ ያስባል። መፍትሔው ለየእምነቱ የተለየ ሐውልት ማቆም አይደለም፤ በአንዱ ድንጋይ ላይ የሁሉንም ስም በእውነት መጻፍ ነው። የሞተ ሰው ለአገሩ የሰጠው ነፍስ እንደ ዘሩና እንደ ሃይማኖቱ አይመዘንም።

ሁለተኛው ግዴታ ሥራቸውን በሙሉ መንገር ነው። ለተማሪ የሚቀርበው ታሪክ ቦናያን ብቻ ከያዘ፣ ልጁ ጀግንነት ማለት ማቃጠልና መግደል ነው ብሎ ይማራል። ዐሥሩ አንቀጾች አጠገቡ ሲጻፉ ግን ጀግንነት ራስን መግዛት፣ ደካማውን መጠበቅ፣ ለሕግ መታዘዝ መሆኑን ያያል። የጣርማ በር ውድቀትና የጎጀብ እጅ መስጠትም መደበቅ የለባቸውም። ሽንፈት የሌለበት የጀግና ታሪክ ተረት ይመስላል፤ ተረት ደግሞ ልጅን አያጸናም። ተሸንፈውም ክብራቸውን ያልጣሉ ሰዎች ታሪክ ግን፣ ነገ በራሱ ሕይወት ውድቀት ለሚያጋጥመው ተማሪ ስንቅ ይሆነዋል።

ሦስተኛው ግዴታ ከሁሉም የከበደ ነው፤ መታሰቢያው ልጁን ወደ ጦርነት መጥራት የለበትም። እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ወጣት ሟቾችን ማክበር ሌሎች ወጣቶችን ለሞት ማጨት አይደለምን? የኢትዮጵያ ታሪክ ጥያቄውን ከንቱ አያደርገውም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ የአርበኞች ስም በየመድረኩ እየተጠራ፣ ወጣቶች ከየመንገዱና ከየቤቱ በአፈሳ እየተያዙ ወደ ግንባር ተጭነዋል። ልጇን በቆጥና በጎተራ የደበቀች እናት ዛሬም በሕይወት አለች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙ ተማሪ ደብተሩን ጥሎ ጠመንጃ አንሥቷል። ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቶ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ወጣት ተዋጊዎች የሚጻፍ ቃል ሁሉ በጥንቃቄ መመዘን አለበት።

በእስልምና ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ ምሳሌ አለ። ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በኡሑድ ዘመቻ ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኖ ቢቀርብ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አልፈቀዱለትም፤ በኸንደቅ ጊዜ ዐሥራ አምስት ሲሞላው ግን ፈቀዱለት። ኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ ይህን ሐዲስ በሰሙ ጊዜ በልጅና በአዋቂ መካከል ያለው ወሰን ይህ ነው ብለው ለሹማምንቶቻቸው ጻፉ። ዘይድ ኢብን ሣቢትም (ረ.ዐ) ለበድር ዘመቻ ገና ልጅ ስለነበረ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ወደ ንባብና ወደ ጽሕፈት ተመለሰ፤ የወሕይ ጸሐፊ ሆነ፤ በአቡበክር ዘመንም ቁርኣንን በአንድ ጥራዝ የሰበሰበው እርሱ ነበር። መዲና በዙሪያዋ ጠላት ሳለ አንድ ልጅ ከጦር ሜዳ እንዲመለስ መደረጉ ለኡማው ምን ያህል እንደጠቀመ ከዚህ ይታያል።

ከዚህ ምሳሌ የሚወጣው ትምህርት ለሕፃኑ ሳይሆን ለአዋቂው ነው። የልጁ ድፍረት የሚመሰገን ነው፤ ልጁን የመመለስ ኃላፊነት ግን የታላላቆቹ ነው። ዕድሜው ሲደርስም ሳይዘጋጅ እንዳይላክ ማድረግ የእነርሱ ግዴታ ነው። የሆለታ ወጣቶች ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጣርማ በር ላይ መቆማቸው የእነርሱ ክብር ሲሆን፣ የዚያ ዘመን ዓለም ግን ዕዳ ነው። የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችን አገር ማኅበሩ ሳይከላከልላት ቀረ፤ የጦር መሣሪያ እንዳይገባላት የተከለከለችበት ጊዜ ነበር፤ የመጨረሻው መከላከያ ሆነው የቀሩት ያልተመረቁ ተማሪዎች ነበሩ። መታሰቢያው ክብሩን ለወጣቶቹ፣ ዕዳውን ለአዋቂዎቹ ለይቶ ከጻፈ፣ የሚያነበው ልጅ ጦርነትን አይመኝም፤ የሚያነበው ሹምም ልጅን ወደ ጦርነት ለመላክ ይሳቀቃል።

ዛሬ ይህ ነገር የዓለም ሕግ ሆኗል። በግንቦት 25 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በግዳጅ እንዳይመለመሉና መንግሥታት በውጊያ በቀጥታ እንዳያሳትፏቸው ያዝዛል። ነገር ግን በጦር ኃይሎች የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች በበጎ ፈቃድ የሚቀበሏቸውን ተማሪዎች በሚመለከት የዕድሜው ገደብ ይላላል። እንግዲህ የዕጩ መኮንንነት ጉዳይ ሕጉ ራሱ ክፍተት የተወበት ቦታ ነው፤ ያን ክፍተት የሚሞላው የመምህራንና የወላጆች ኅሊና ነው።

የኳታር መንግሥትም በዚህ ረገድ ያደረገው አስተዋጽኦ አለ። በኳታር አቅራቢነት፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ግንቦት 28 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ መስከረም 9 ቀን እ.ኤ.አ. ትምህርትን ከጥቃት የመጠበቅ ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል። ይህ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ነው፤ አዲስ ዓመት ሊገባ፣ ልጆች ለትምህርት ሊመለሱ ሲሰናዱ ማለት ነው። የካቲት 12 የተገደሉት ወጣቶች የሚታሰቡበት ቀን እንደሆነ ሁሉ፣ ጳጉሜን 4 ደግሞ ሕያዋኑ ተማሪዎች የሚጠበቁበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ቀናት አንድ ላይ ሲታሰቡ የትምህርት ቤት መታሰቢያ ትርጉሙ ይሟላል።

ዶሃ ራሷ ስለ መታሰቢያ የምታስተምረው አንድ ነገር አላት። በምሸይረብ ሙዚየሞች ውስጥ የሚገኘው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቢን ጀልሙድ ቤት የባርነትን ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከሐበሻ ምድርም ጭምር፣ በባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎችን ሥቃይና በ1952 እ.ኤ.አ. በኳታር ባርነት የቀረበትን ሁኔታ ይተርካል። ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ ማስታወስ ቀላል በሆነበት ዘመን፣ አገር የሚያሳምመውንም በመሐል ከተማ በር ከፍቶ ማሳየት እንደሚችል ይህ ቤት ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የጦርነት መታሰቢያም ከዚህ ድፍረት ሊማር ይገባል።

በዶሃ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ልጆቻቸው በሌላ አገር ሥርዓተ ትምህርት የሚማሩ በመሆናቸው፣ ስለ ሆለታም ሆነ ስለ የካቲት 12 በክፍል ውስጥ የመስማት ዕድላቸው ጠባብ ነው። የሚሰሙት በስልክ የሚሠራጨውን፣ አንዱን ብሔር በሌላው ላይ፣ አንዱን እምነት በሌላው ላይ የሚያነሣሣውን የጦርነት ወሬ ነው። በዓርብና በቅዳሜ ዕረፍት ከቁርኣኑና ከአማርኛው ንባብ ቀጥሎ ጥቂት ጊዜ ለዚህ ታሪክ መስጠት አይከብድም። አንድ ልጅ የአንድን ወጣት ስም ይያዝ፤ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳጠና፣ እንዴት እንደሞተ ይወቅ። ዐሥሩን አንቀጽ በራሱ ቃል ይጻፍ። የዘይድን ታሪክ አጠገቡ ያስቀምጥ። በዚህ ሁኔታ ያደገ ልጅ በስልኩ የሚመጣለትን የጦርነት ጥሪ ሁሉ ዝም ብሎ አይቀበልም።

በአገር ቤት ያሉ ትምህርት ቤቶችና ባለሥልጣናት ደግሞ ከበዓል ንግግርና ከአበባ ጉንጉን ያለፈ ሥራ ይጠበቅባቸዋል። የሆለታ ዕጩ መኮንኖችና የጥቁር አንበሳ አባላት ስም ዝርዝር ከየማኅደሩ ተሰብስቦ፣ ወጣቶቹ ከሆለታ በፊት በተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ግቢ ይጻፍ። ሆስፒታሉም የስሙን ምንጭ በደጁ ላይ ቢገልጽ፣ በዚያ ተራ የሚጠብቅ ሕመምተኛና አስታማሚ ሁሉ ያነበዋል። የሙስሊምና የክርስቲያን የታሪክ ባለሙያዎች አብረው ይሥሩት። ጽሑፉ ጠላትን በመስደብ አይጠመድ፤ የተደረገውን በሐቅ ይናገር።

ከዚያ ትውልድ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ማግኘት አይቻልም። የእነርሱን ድምፅ የሚያሰማ ቢኖር የተጻፈ ነገር ብቻ ነው። የሆለታ ወጣቶች በጠላት ፊት የቆሙት ለአንድ ዓመት እንኳ አልነበረም፤ ሆኖም በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ለገበሬው፣ ለምርኮኛውና ለሕግ ያሰቡትን በወረቀት አሰፈሩ። ትምህርት ቤቶች ያንን ወረቀት ለልጆች ቢያስነብቡ፣ ዕጩ መኮንኖቹ ተገቢውን መታሰቢያ አግኝተዋል ማለት ይቻላል። ልጆቹም በእነዚያ ወጣቶች ዕድሜ ከክፍላቸው ሳይወጡ ተምረው የሚመረቁበት ሰላም ከአላህ ይለመናል፤ ሰላሙን መጠበቅ ግን የአዋቂዎቹ ሥራ ነው።